ፍሬን ወይስ ቸርኬ

ትዳር በብዙ ምክንያት ይፈርሳል። የእኔ ግን ገና ሳይጀመር ሊፈርስ የነበረው በመኪና ፍሬን ነው። ይህን ለሰው ስናገር መጀመሪያ ይስቅብኛል፤ ቀጥሎ “እውነትህን ነው?” ይለኛል፤ በመጨረሻ የራሱን መኪና ያስባል። እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔ ራሴ ለመሳቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት፣ ሥራዬ ቤት ሻጭ፣ ቢሮዬ አትላስ አካባቢ። ቤት ሻጭ ስላችሁ የተሠራ ቤት እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛ ላይ ከካርቶን የተሠራ ሞዴል አለ፤ እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ “ይሄ የእርስዎ በረንዳ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በዚህ በኩል ትገባልዎታለች” እላለሁ። ሰውየው በካርቶኑ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ይታየዋል፤ ይፈርማል። የባቡሩ ሐዲድ ወደ አያት እየተዘረጋ፣ ከተማው በባህር ዛፍ አጣና ተከቦ ሽቅብ የሚያድግበት ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ ይቸኩላል። እኔም በምላሴ እየኖርኩ ብልህ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

መኪና ነበረችኝ። ባለሁለት በር፣ ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና። ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንሰው በጥቂት ነው። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረምና። ከእኔ በፊት የያዛት ሰው የራሷን ሞተር አውርዶ ሌላ ትልቅ ሞተር ገጥሞባታል። ፍሬኗን ግን አልነካውም፤ ያው ለትንሹ ሞተር የተሠራው የጥንቱ ፍሬን ነው። ስለዚህ ለመሄድ የማትጠየቅ፣ ለመቆም ግን የምትለመን መኪና ነበረች።

ጋሽ ንጉሤ ገርጂ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ መካኒክ ናቸው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ነድተው ሲመለሱ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ “ይቺን መሮጥ አስተማሯት፤ መቆም ግን ማንም አላስተማራትም” አሉኝ። ከዚያ ምን መደረግ እንዳለበት ዘረዘሩልኝ። ከፊት ያሉት ዲስኮች በትልልቅ ዲስክ ይለወጣሉ፣ ከኋላ ያለው የድሮ ታምቡር ፍሬን ወጥቶ እሱም ዲስክ ይሆናል፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ክር ክር ብሎ ሊበጠስ ስለደረሰ አዲስ ይገባል። ደግነቱ ሙሉ ዕቃው ከኋላዋ ተመትታ ከወደቀች ሌላ መኪና ላይ ወርዶ እጃቸው ገብቷል። እስከ ቅዳሜ ሊያቆዩልኝ ተስማማን።

በዚያው ሳምንት አትላስ ላይ አንድ የማውቀው ልጅ ከዱባይ አራት ቸርኬ ይዞ መጣ። ቸርኬ ብረት ነው፤ ጎማ የሚለብሰው ብረት። ይህኛው ግን ጢም ለመላጨት የሚያስችል መስተዋት ነበር። የነበረኝ ገንዘብ ደግሞ ወይ ለፍሬኑ ወይ ለቸርኬው እንጂ ለሁለቱም አይበቃም።

አማከርኩ። የቢሮ ባልደረቦቼ በአንድ ድምፅ ቸርኬ አሉ። “ፍሬን ማን ያይልሃል?” አለኝ አንዱ፤ ይህን ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የግል መኪና ኖሮት አያውቅም። ሌንሳ ግን ፍሬን አለች። ሌንሳ ማለት ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ ልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች።

“ሱራ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ልብስ ገልብጬ ውስጡን ነው የማየው” አለችኝ። “ውጪውንማ ማንም ያየዋል። ይቺን ነገር አሠራት።”

እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ወደ ገርጂ የወጣሁ ሰው አትላስ ተገኘሁ። ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት ይህ ነው፦ በሁለተኛው እሑድ ለሌንሳ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ከሠርጉ በፊት መታየት ያለበት ነገር ይቅደም፤ የማይታየው ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል። አያችሁ፣ ቤት ሻጭ ሞኝ ሲሆን መጀመሪያ የሚሸጠው ለራሱ ነው። ጋሽ ንጉሤ ቸርኬውን እንደገዛሁ ስነግራቸው መፋቂያውን ከቀኝ ጉንጫቸው ወደ ግራ አዛወሩት፤ በቃ።

የሚያስቀው እኚያኑ ጋሽ ንጉሤን ሽማግሌ ሁኑልኝ ብዬ መለመኔ ነው። ምን ላድርግ? አባቴ የሞተው በልጅነቴ ነው፤ እናቴ ያለችው ደብረ ብርሃን። የሌንሳ አባት አቶ ቱፋ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ የሚያምኑት ጋሽ ንጉሤን ነው፤ የውሃ ፓምፓቸውን ለዓመታት የጠገኑላቸው እሳቸው ናቸው። ጋሽ ንጉሤ ጥቂት አሰቡና፣ “እሄድልሃለሁ። ግን የተጠየቅኩትን እመልሳለሁ” አሉኝ። እኔ ይህን እንደ ትሕትና ቆጠርኩት።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች የነፍስ አባቴ መምሬ ላቀውና የቤት አከራዬ አቶ ዘውዴ ነበሩ። አቶ ዘውዴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛና የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሲናገሩ መግቢያ፣ ዝርዝርና መደምደሚያ አላቸው።

በወጋችን ሽማግሌ ሲላክ ላኪው ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ቸርኬው ሳይታይልኝ ሊቀር ሆነብኝ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በራሴ መኪና ከበሩ አጠገብ አድርሼ እመለሳለሁ ብዬ አስማማሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተነሣን። መምሬን ከነጥምጣማቸው፣ ከነጃንጥላቸው በዚያች ጠባብ የኋላ ወንበር ማስገባት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አቶ ዘውዴ ከጎናቸው ታጥፈው ሲገቡ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ፤ መግቢያና ዝርዝር ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። ጋሽ ንጉሤ ከፊት ተቀመጡ፤ ቀበቶአቸውን አሰሩ፤ ከዚያም እስከ አያት ድረስ በቀኝ እግራቸው ባዶውን ወለል ሲረግጡ ሄዱ። እኔ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እሳቸውም ይይዛሉ። ሁለታችን ሆነን ነው ያቆምናት ማለት ይቻላል። መምሬ ከኋላ ውዳሴያቸውን ሲደግሙ ሰማሁና፣ “አባ፣ ኧረ ገና አልፈጠንኩም” አልኳቸው።

“ለፍጥነቱ አይደለም ልጄ” አሉ። “ለመቆሙ ነው።”

የአቶ ቱፋ ቤት ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ በቀረች አሮጌ የገበሬ መንደር ውስጥ፣ በኮብልስቶን ቁልቁለት መካከል ላይ ነው። ከበሩ ትንሽ ራቅ ብዬ አቆምኩ። እዚያ አንድ ክርክር ተነሣ። አቶ ዘውዴ፣ ልጁ የት ነው ብለው ቢጠይቁን ሥራ ላይ ነው እንላለን አሉ። መምሬ ውሸት በአፌ አይወጣም አሉ። በመጨረሻ መምሬ መፍትሔ አገኙለት፤ እኔ በቀጥታ ወደ ቢሮ ከሄድኩ የአቶ ዘውዴ ቃል እውነት ይሆናል። ሂድ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። መስቀል ተሳልሜ ነው እሺ ያልኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አልሄድኩም። አእምሮዬ ሂድ ይለኛል፤ ልቤ ግን በሩ ላይ ቀረ። ከውስጥ የሚወስኑት በእኔ ሕይወት ላይ ነው። አዙሬ ከበሩ በላይ፣ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጌ፣ ግቢው ሳያየኝ እኔ በሩን የማይበት ቦታ ላይ አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። ለመውጣት ዝግጁ ልሁን ብዬ ማርሹን ባዶ ተውኩት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በአዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ መኪና ያቆመ ሰው ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ሥር ያደርጋል። ይህን የሚያስተምር የለም፤ ከእናት ጡት ጋር ይገባል። እኔም ወረድኩ፤ ጥሩ ድንጋይ አገኘሁ፤ አንሥቼ እስከ ጎማው ድረስ ወሰድኩት። ልሸጉጠው ጎንበስ ስል በቸርኬው ላይ የራሴን ፊት አየሁ። ድንጋዩ ይጭረዋል ብዬ ተሳቀቅኩ። መልሼ ካነሣሁበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ ብብቴ ድረስ ሳብኩና ተቀመጥኩ።

በውስጥ የሆነውን በኋላ ከሦስቱም ስለሰማሁ ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በረንዳው ሥር ቆመው “ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ብለዋል። አቶ ቱፋ ከወንድማቸውና ከባለቤታቸው ጋር በረንዳው ላይ ናቸው። ግድ የለም ተቀመጡ ተብለው ተቀመጡ። አቶ ዘውዴ እግራቸው ተፍታቶ ስለነበር ንግግራቸው ተመልሶላቸው፣ ስለ ጨዋነቴ ረጅም ነገር አወሩ። አቶ ቱፋ የማን ልጅ ነው አሉ፤ ተነገራቸው። ይጠጣል ወይ አሉ፤ በበዓል ብቻ ተባሉ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ “አሁን የት አለ ልጁ?” ብለው ጠየቁ።

“ቤት ገዢዎች ይዞ ወጥቷል” አሉ አቶ ዘውዴ። “እሑድ እንኳ አያርፍም።”

እኔ ያን ጊዜ በጭንቀት የፍሬኑን ፔዳል በሙዚቃው ምት እየረገጥኩ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳል ሲደጋገም ይደነድናል፣ መኪናውንም በወጉ አይዝም፤ ይህን ጋሽ ንጉሤ ነግረውኛል፤ ግን ስንት ነገር ነግረውኝ ስንቱን ሰምቻለሁ? ድንገት ከወንበሬ ሥር “ጧ” አለ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ነው። አንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከጎኔ ያለው የድንጋይ አጥር ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

አጥሩ አይደለም የሚሄደው፤ እኔ ነኝ። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ግንብ ሆኗል። በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤ ትንሽ አሰበችና መንገዷን ቀጠለች። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ማርሽ ማስገባት እንደነበረብኝ የገባኝ ከሦስት ቀን በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ነው። ፍጥነቷ የሽማግሌ እርምጃ ነበር። ብትፈጥን ይሻል ነበር፤ ቶሎ ባለፍኩ። መንገድ ላይ ዶሮዎች ስለነበሩ ክላክስ ነፋሁ። ዶሮዎቹ ተነሡ፤ ከዶሮዎቹ ጋር በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

የግቢው በር ለእንግዳ ክብር ወለል ተደርጎ ተከፍቷል። በዚያ በር ፊት ለፊት፣ በሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ፊት እያየሁ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ማየት የማልፈልገውን ካላየሁ እኔም የማልታይ መስሎኝ ዓይኔን ወደ ግቢው አላዞርኩም። በዓይኔ ጫፍ ግን የመምሬን ነጭ ጥምጣም ወደ ደረታቸው ሲወርድ አየሁት።

ከበሩ ጥቂት ወረድ ብሎ አቶ ቱፋ ለኪራይ ለሚያሠሩት ሰርቪስ ቤት ያስራገፉት አሸዋ ነበር። አፍንጫዋን እስከ መብራቱ ቀብራ ቆመች። ሙዚቃው አሁንም እየዘፈነ ነው። ዘጋሁት። የተዘጋው ሙዚቃ ጸጥታውን አባሰው።

ስወጣ አቶ ቱፋ ከኋላዬ ደርሰዋል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ባርኔጣ አድርገዋል። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩ፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩ።

“ቤት ልታሳይ የወጣኸው አንተ ነህ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባ” አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

“ኮቱ” አሉኝ። ኦሮምኛ አልችልም፤ ና ማለት እንደሆነ ግን አገጫቸው ነገረኝ።

አንባቢዎቼ፣ በራሱ ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተቀምጫለሁ። በአጭር በርጩማ ላይ፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎቼ ፊት ለፊት፣ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ይዤ። አቶ ዘውዴ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይቆጥራሉ። መምሬ አላዩኝም። ከመጋረጃው ጀርባ ሌንሳ እንዳለች አውቃለሁ፤ ትንፋሿ እንኳ አልተሰማም። ሳቅ ብሰማ ይቀለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልጅቷን ላጣት እንደሆነ የገባኝ።

አቶ ቱፋ እኔን አልጠየቁም። ወደ ጋሽ ንጉሤ ዞሩ። “ንጉሤ፣ ከአንተ አፍ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ይህ መኪና ምን ሆኖ ነው?”

ጋሽ ንጉሤ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ሽማግሌ የላኪውን ገመና ይሸፍናል እንጂ አይገልጥም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ አዩኝ፤ አዝነውልኛል።

“ፍሬኑ መለወጥ ነበረበት” አሉ። “ዕቃውንም አግኝቼለት ነበር። እሱ ቸርኬ ገዛ።”

የሌንሳ አጎት ቸርኬ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱና አሸዋው ውስጥ ያለውን አይተው ተመለሱ። “ያምራል” ብለው ተቀመጡ። ይህ ምንም አልረዳኝም።

“ለምን?” አሉኝ አቶ ቱፋ።

እኔ በቀን ሃያ ሰው የማሳምን ሰው ነኝ። ጥሩ ጥሩ መልስ በምላሴ ጫፍ ተሰልፎ ነበር። ግን ደከመኝ። መጋረጃውን አየሁና እውነቱን ተናገርኩ።

“እንዲታይልኝ ነው፣ አባ። ፍሬን አይታይም።”

“ዛሬ ታየ” አሉ።

ማንም አልሳቀም። አቶ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ፍርዳቸውን ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። በሦስተኛው እሑድ ኑ፤ እስከዚያ ዘመድ እናማክራለን፤ ይህ የወጉ ቃል ነው። ከዚያ ጨመሩበት፦ “ልጁም ይምጣ፤ መምጣት ይወዳል መሰለኝ። መኪናውንም ይዞ ይምጣ።”

ከአሸዋው የወጣነው በሰፈሩ ሰው ጉልበት ነው። ሽማግሌዎቹ በታክሲ ተመለሱ። አቶ ዘውዴ ማታ በር ላይ አገኙኝና ብዙ ሽምግልና እንደሄዱ፣ ፈላጊው ራሱ ተንከባሎ ሲመጣ ግን ገና ማየታቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ቤት ልቀቅ አላሉኝም፤ ትልቅነታቸው ነው። መምሬ ደግሞ ለመስቀሉ እሺታዬ ንስሐ ሰጡኝ፤ ስንት ስግደት እንደሆነ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር።

ሰኞ ጠዋት ቸርኬውን አስወልቄ ለመጀመሪያው ጠያቂ ሰጠሁና ገርጂ ሄድኩ። ዕቃው ተሽጦ ይሆናል ብዬ በመንገድ ሁሉ ስሳቀቅ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ጆንያ ገለጡ፤ አለ።

“እንደምትመጣ አውቄአለሁ” አሉኝ። “በየት በኩል እንደምትመጣ ነው ያላወቅኩት።”

ሌንሳ ለአራት ቀን ስልኬን አላነሣችም። በአምስተኛው ቀን አንድ ቃል ብቻ ላከች፦ “ተሠራ?” ጋሽ ንጉሤ መኪናዋ ሥር ተኝተው የአዲሱን ዲስክ ፎቶ አንሥቼ ላኩላት። መልስ አልመጣም። ሦስተኛው እሑድ እስኪደርስ ሱሪዬ ሰፋኝ።

ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ አቶ ቱፋ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ባርኔጣቸውን አጠበቁ፤ የመኪናዋን በር ከፍተው ገቡ። “ንዳ” አሉኝ።

ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። ሰፊ አስፋልት ላይ ስንደርስ ድንገት “ቁም” አሉ። ረገጥኩ። መኪናዋ እንደ ችንካር ቆመች፤ ባርኔጣቸው መስተዋቱን መትቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ከኋላ አንድ ሚኒባስ እንደምንም አልፎን ረዳቱ ዘራችንን ቆጠረ። ጎንበስ ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ፤ አራገፉት።

“እዚህ አውድማችን ነበር” አሉ። ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ እያዩ ነው፤ ከሥሩ ፋርማሲ አለ። ከዚያ “ሂድ” አሉኝ።

ፈተናው እንደዚህ ነው ብዬ መሪዬን አጥብቄ ያዝኩ። ጥቂት ሄደን፣ “ቁም።” ቆምኩ። የመኪና እጥበት ቤት ነው። “ምንጭ ነበረ። ክረምት ከበጋ አይደርቅም።” ሂድ አሉኝ። ወደ ቦሌ ለሚ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ረጅም አጥር አጠገብ፣ “ቁም። ቡሬ እዚህ ነው የሞተው።” ቡሬ በሬያቸው ነበር። መኪና ገጭቶት ነው ወይ አልኩ። አይደለም፣ አርጅቶ ነው አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አጽናንቷቸዋል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቁም ላይ ይመስለኛል ፍሬን እየፈተኑ እንዳልሆነ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ቁም ሳይሉኝም እግሬ ፍሬኑ ላይ ይሄድ ነበር።

የመጨረሻው ቦታ ላይ ደረስን። ቦታውን አውቀዋለሁ። በካርቶን ነው የማውቀው። በአጣና የተከበበ ጅምር ሕንፃ፣ ፊት ለፊቱ የድርጅታችን ትልቅ ሰሌዳ። ስንት ሰው እዚያ በረንዳ ላይ ፀሐይ እንዳሞቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

“ቤቴ እዚህ ነበር” አሉ አቶ ቱፋ። “ሌንሳ የተወለደችው እዚህ ነው። እትብቷ ያለው እዚያ፣ ማሽኑ የቆመበት ሥር ነው።”

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ በአሸዋው ያፈርኩት ጨዋታ ነበር። ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ከእሳቸው ጎን ተቀምጦ መደበቅ አልተቻለኝም።

“አባ፣ ይህን የምሸጠው እኔ ነኝ” አልኩ።

“አውቃለሁ። ሌንሳ ነግራኛለች።”

“ታዲያ…”

“አልተቀየምኩህም። አንተ ባትሸጠው ሌላው ይሸጠዋል፤ ሰውም ቤት ያስፈልገዋል። ልጄን የሚያገባ ሰው ግን የት እንደተወለደች ቆሞ ማየት አለበት።” ከእግሬ ሥር ያለውን ፔዳል አዩ። “በባለፈው ፍሬን እዚህ አትቆምም ነበር።”

ሞተሩን አጠፋሁ። ማሽኑ ያለበትን አየሁት፤ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ስንመለስ አቶ ዘውዴ በረንዳው ላይ አንቀላፍተዋል። ጋሽ ንጉሤ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው መጀመሪያ ያዩት ጎማዎቹን ነው፤ ከዚያ የአቶ ቱፋን ፊት። አቶ ቱፋ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ከሌንሳ ጋር ጥቂት ቃል ተለዋወጡ። ምን እንዳሏት ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ወጡና ለሽማግሌዎቹ “ቀን ቁረጡ” አሉ፤ በዚያው የምሳ ትሪ ገባ።

ምን ለወጠብኝ ብትሉኝ፣ በማግስቱ ቢሮ ገብቼ እስክሪብቶዬን ካርቶኑ ላይ ሳሳርፍ እጄ እንቢ አለኝ። አንድ ደንበኛ መቼ ያልቃል አለኝ፤ እንደ ልማዴ ከመመለስ ይልቅ ይዘገያል አልኩት። ተነሥቶ ሄደ። ሥራ አስኪያጃችን ታመህ ነው ወይ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ያ ሰው ሁለት ወንድሞቹን ይዞ መጣ፤ እኔን ፈልጎ። ከዚያ ጀምሮ ለማሳየት የምወስዳቸውን ሁሉ ከመኪና አስወርዳቸዋለሁ፤ መሬቱ ላይ ይቁሙ። እናንተንም ልምከራችሁ ብል የፍሬን ነጋዴ ትሉኛላችሁ። ስለዚህ አልመክርም፤ ግን ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት መካኒካችሁ የነገራችሁን አንድ ነገር አስታውሱ። እኔ ያን ብቻ ነው ያልሰማሁት።

ቀይዋን ልጆች ሲመጡ ሸጥናት። አቶ ቱፋም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። አሁን አራት በር ያላት፣ ማንም ዞሮ የማያያት መኪና ነው የምነዳው። እሑድ እሑድ ወደ አያት ስንወጣ ትንሿ ልጄ ከኋላ ሆና “ቁም” ትለኛለች። ጠርዝ ይዤ እቆማለሁ። ጣቷን ወደ ፋርማሲው ትቀስርና ለወንድሟ “እዚህ አውድማችን ነበር” ትለዋለች። አውድማ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በቅጡ አላውቅም። ከኋላችን ያሉት ሾፌሮች ክላክስ ይነፋሉ፤ አንዳንዱ ሲያልፍ በመስኮት ይሰድበኛል። ልጅቷ አይታ እስክትጨርስ ድረስ አልነቃነቅም።